ከብስባሹ ክምር የወጣው እባብ አይደለም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደቡብ እንግሊዝ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ አሎትመንት (ለአትክልት ማልሚያ የሚከራይ ቁራሽ መሬት) ተከራይቼ ጎመን፣ ድንችና ጥቂት በሶብላ አለማለሁ። ባለፈው ቅዳሜ፣ በሜይ መጀመሪያ መሆኑ ነው፣ የብስባሹን ክምር በመንሽ ስገለብጥ ከክንድ ትንሽ አጠር ያለ፣ እንደ ነሐስ የሚያብለጨልጭ ነገር ተጠቅልሎ አየሁ። ደንግጬ ስመታው ጅራቱ ተቆርጦ ለብቻው ሲፈራገጥ ቀረ፤ እሱ ራሱ ሾልኮ ገባ። ከጎኔ የሚያለሙ ሽማግሌ ‹ስሎው ወርም ነው፣ አትንኪው፣ ሕግ ይጠብቀዋል› አሉኝ። እባብ ነው ወይስ አይደለም? ልጆቼ አብረውኝ ይመጣሉ፤ ይነድፋቸው ይሆን? እንዴትስ ላስወግደው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ዋናውን ላስቀድም። ያዩት እባብ አይደለም፣ መርዝ የለውም፣ ልጆችዎንም አይነድፍም። ስሎው ወርም እግር የሌለው እንሽላሊት ነው። ማስወገድም አያስፈልግዎትም። እሱ ከጓሮዎ የሚፈልገው ሙቀትና መደበቂያ ብቻ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ጎመንዎን ሌሊት ሌሊት የሚቦጫጭቀውን ስላግ፣ ያንን ዛጎል የሌለውን ቀንድ አውጣ፣ የሚለቅም ሠራተኛ በነጻ አግኝተዋል። እዚያ ጓሮ ውስጥ የሚያስፈራው መንሹና ሣር ማጨጃው ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ምላሼ ስለ እነሱ ይሆናል።

በድንጋጤዎ ማንም አይፈርድብዎትም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እየተባለ ያደገ ሰው፣ ልጡ ራሱ ሲንቀሳቀስ ቆሞ አይመረምርም። የሚቀጥለውን ጊዜ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ዓይኑን ይመልከቱ።

እባብ የዓይን ቆብ የለውም። ዓይኑ በማይንቀሳቀስ ብርሃን አሳላፊ ቅርፊት ስለተሸፈነ ተኝቶም ሞቶም እንዳፈጠጠ ነው። ስሎው ወርም ግን ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ ሜትር ያህል ርቀው ዝም ብለው ካዩት፣ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ መልሶ ሲከፍት ያገኙታል፤ ያንን ካዩ ሌላ ምልክት አያስፈልግዎትም። ካልጨፈነልዎ ምላሱን ይጠብቁ። እባብ አፉን ሳይከፍት በላይኛው ከንፈሩ ባለች ክፍተት ቀጭንና ጫፉ በጥልቀት ለሁለት የተከፈለ ምላስ ያወጣል። የስሎው ወርም ምላስ ወፈር ብሎ ጫፉ ላይ ብቻ ሰንጠቅ ያለ ነው፤ ለማውጣትም አፉን በትንሹ መክፈት አለበት።

አካሉም ይለያል። አንገት የለውም፤ ራሱ ሳይጠብብ ሳይሰፋ ከገላው ጋር ይቀጥላል። ቅርፊቱ የተወለወለ ብረት ይመስላል፤ ከቅርፊቱ ሥር ትናንሽ የአጥንት ሳህኖች ስላሉ ሲጠማዘዝ እንደ እባብ አይልመሰመስም፣ እንደ ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ግትር ነው። እባብ ሆዱ ላይ ሰፋፊ ቅርፊቶች በአንድ ረድፍ ይደረደራሉ፤ የስሎው ወርም የሆድ ቅርፊት ግን ጀርባው ላይ እንዳለው ደቃቅ ነው። ጅራቱ ሳይቆረጥ በፊት የጠቅላላ ርዝመቱን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል። የአብዛኞቹ ትልልቆች ርዝመት ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ነው፤ 50 የሚደርስ አልፎ አልፎ ይገኛል።

የእርስዎ በገለጻዎ መሠረት ሴት ሳትሆን አትቀርም። ሴቷ ነሐስማ ወይም መዳብማ ጀርባ፣ ጠቆር ያለ ጎን አላት፤ ብዙ ጊዜም ጀርባዋ ላይ ከራስ እስከ ጅራት የምትሄድ ቀጭን ጥቁር መስመር ትታያለች። ወንዱ ግራጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ጎኑ መስመር የለበትም፤ አንዳንድ ወንዶች፣ በተለይ በዕድሜ የገፉት፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ጣል ጣል ይልባቸዋል። ግልገሎቹ ከሁሉም ያምራሉ፦ ከ7 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚረዝሙ፣ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ፣ ጀርባቸው ወርቅ ወይም ብር፣ ጎናቸውና ሆዳቸው ጥቁር። በኦገስት መጨረሻ ድንጋይ አንሥተው ወርቃማ ክር የሚመስል ነገር ቢያገኙ ትል ነው ብለው አይጣሉት።

የእንግሊዝኛው ስም ሲሰሙት «ዘገምተኛ ትል» ይመስላል፤ ትል ግን አይደለም። ሳይንሳዊ ስሙ አንጉዊስ ፍራጊሊስ፣ «ተሰባሪ እባብ» ማለት ሲሆን በ1758 የሰጠው ስዊድናዊው ሊኒየስ ነው። እባብነቱን ቢስትም ተሰባሪነቱን አልሳተም፤ እርስዎ ቅዳሜ ያዩት እሱኑ ነው።

አሁን እውነተኛ እባቦቹን እንለይ፤ የልጆች ጥያቄ የሚፈታው በዚህ ነውና። በብሪታንያ ሦስት የአገሩ እባቦች አሉ። መርዛማው አንዱ ብቻ ነው፦ አደር ይሉታል፣ ከእኛ እፉኝት ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። አጠር ደንደን ያለ ሆኖ ጀርባው ላይ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ዚግዛግ መስመር ተሥሎበታል፤ ዓይኑ ቀላ ያለ፣ ብሌኑ እንደ ድመት ቀጥ ብሎ የቆመ ስንጥቅ ነው። የሚወደው የጫካ ዳርና ቁጥቋጦ ሜዳ ነው፤ በከተማ አሎትመንት ብዙም አይገጥምም። ሁለተኛው ግራስ ስኔክ ነው፦ አረንጓዴማ፣ ረጅም፣ አንገቱ ላይ ቢጫና ጥቁር ቀለበት ያለው፣ መርዝ የሌለው። ይህ ብስባሽ ክምር ውስጥ እንቁላሉን ስለሚጥል ሊያገኙት ይችላሉ። ሦስተኛው ስሙዝ ስኔክ በደቡብ እንግሊዝ በጣት የሚቆጠሩ የቁጥቋጦ ሜዳዎች ላይ ብቻ ስለሚኖር ለጓሮዎ አያሳስብም።

አደር ሰው ላይ የሚደርሰው ሲረገጥ ወይም ሲያዝ ነው። ከነደፈ ልጁን ማረጋጋት፣ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅሱ ማቆየት፣ ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ማውለቅ፣ ወደ ድንገተኛ እርዳታ (999) መደወል። መብጣት፣ ገመድ ማሰር፣ ደሙን በአፍ መምጠጥ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በብሪታንያ በአደር ንክሻ ሰው የሞተው ለመጨረሻ ጊዜ በ1975 ነው፤ ቢሆንም ሕክምናው አይዘግይ።

አንድ ማሳሰቢያ ከልቤ ልጨምር። እዚህ የጻፍኩት ለስሎው ወርም ብቻ ነው። ይህ እንሽላሊት ኢትዮጵያ ውስጥ የለም፤ አገር ቤት ለዕረፍት ሄደው ሣር ውስጥ ያገኙትን «እግር የሌለው እንሽላሊት ነው» ብለው ልጆችዎ እንዳይጠጉ። እዚያ እፉኝት አለ፤ በደረቅ ቅጠል መሀል ሳይንቀሳቀስ ይተኛል፣ ንክሻው ይገድላል። ሰሜን እስራኤል፣ ገሊላና ጎላን የሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ ካምታን ሃሆሬሽ የሚባለውን የስሎው ወርም ዘመድ ሊያገኙ ይችላሉ። ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ በጎኑ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ እጥፋት አለው፣ ቀንድ አውጣን ከነዛጎሉ ይሰባብራል። እሱም ሰው አይጎዳም፤ ዓይኑንም ይጨፍናል።

ወደ ተቆረጠው ጅራት እንመለስ። አንድም እርስዎ ቆርጠውታል፣ አንድም እሱ ራሱ ጥሎታል፤ ሁለተኛው ይበልጥ ይመስለኛል። የጅራቱ አከርካሪ አጥንቶች መሀላቸው ላይ በተፈጥሮ የተዘጋጀ የመሰበሪያ ስንጥቅ አላቸው። እንስሳው ሲያዝ ወይም ሲመታ ጡንቻውን ጨምቆ እዚያ ላይ ይሰብረዋል፤ የተጣለው ቁራጭ ለደቂቃዎች እየተፈራገጠ ድመቷን ወይም ወፏን ሲያታልል ባለቤቱ ያመልጣል። ደም ብዙም አይፈስም፣ ቁስሉም ይድናል። ያለ ዋጋ ግን አይደለም። ስብ የሚያጠራቅመው ጅራቱ ውስጥ ነው፤ ያንን ስንቅ አጥቶ ክረምት መግባት ከባድ ነው፣ ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ይብሳል። ሌሎች እንሽላሊቶች እንደሚያደርጉትም ረጅም ጅራት መልሶ አያበቅልም፤ ከዓመታት በኋላም የሚኖረው አጭር ዱልዱም ጫፍ ነው፣ ለሁለተኛ ጊዜ የሚጥለውም እምብዛም አይተርፈውም። ስለዚህ ቢያነሡት እንኳ ጅራቱን ፈጽሞ አይያዙ።

ቀስ ብሎ የሚኖር እንስሳ መሆኑንም ይወቁልኝ። እንቁላሉን ሆዷ ውስጥ ይዛ ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር በሕይወት ትወልዳለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ገደማ። («እፉኝት ሲወለድ የእናቱን ሆድ ቀዶ ይወጣል» የሚባለውን እዚህ ይርሱት፤ ግልገሎቹ በቀጭን ስስ ከረጢት ተጠቅልለው ወጥተው ወዲያው ይቀዱታል፣ እናትም በሰላም ትሄዳለች።) ብዙ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ ነው የሚወልዱት፤ ለመውለድ የሚደርሱትም ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በኮፐንሃገን የእንስሳት ማቆያ አንዱ 54 ዓመት ኖሯል። አሎትመንትዎ ላይ ያለችው እናት ከእርስዎ በፊት የነበረውን ተከራይ፣ ምናልባትም ከእሱ በፊት የነበረውንም ታውቀዋለች ማለት ነው፤ አንዷ በመንሽ ስትወጋ የሚጠፋው የአንድ በጋ ነገር አይደለም።

ብስባሹ ውስጥ ምን ትሠራለች? እንሽላሊት የራሱ የገላ ሙቀት የለውም፤ ከውጭ ይለቅማል። ሌሎች እንሽላሊቶች ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ፣ ስሎው ወርም ግን የሞቀ ነገር ሥር መግባት ይመርጣል። ብስባሽ ሲቦካ ይሞቃል፣ እርጥበት አለው፣ በስላግና በትል የተሞላ ነው፣ አሞራም አያየውም። ደህና የሚቦካ ክምር መሀሉ 60 ዲግሪ ስለሚደርስ እዚያ አይገባም፤ የሚገኘው ጠርዝ ጠርዙን፣ ክዳኑ ሥርና ታችኛው ለብ ያለ ክፍል ላይ ነው። መንሽ የሚሰካውም እዚያው ነው።

ሲበላ ማየት የቻለ ሰው አይረሳውም። ስላጉን ትንሽ ቆሞ ያየዋል፣ ራሱን ከላይ ዘንበል አድርጎ መሀል ወገቡን ይነክሰዋል፤ ጥርሶቹ ወደ ኋላ የተቆለመሙ ስለሆኑ የሚያዳልጠው ስላግ አያመልጥም። ቀስ እያለ እያመነዠከ ይውጠዋል፣ ሲጨርስም አፉን በግራና በቀኝ ሣሩ ላይ ይጠርጋል፤ የስላጉ ልጋግ ይጣበቅበታላ። በጣም የሚወደው ነጣ ያለችውን ትንሽ ግራጫ ስላግ ነው፤ የጎመን ችግኝ በአንድ ሌሊት የምትጨርሰው ራሷ ነች። አሎትመንቱን ከስላግ ፈጽሞ ያጸዳል አልልዎትም፤ ብቻውን ያን ያህል አይበላም።

እንግዲህ እንደገና ስንገናኝ ምን ላድርግ ካሉ፣ መጀመሪያ መንሹን ከክምሩ ርቆ ያስቀምጡ። የገለጡትን ብስባሽ በእጅዎ መልሰው ያልብሱት። ሥራው የግድ ከሆነ ጓንት አድርገው ሁለት እጅዎን እንደ ጭልፋ ከሥሩ ያስገቡ፣ ከነብስባሹ አፍሰው ያንሡት፣ ሁለት ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ካለ ጥላማ ቁጥቋጦ፣ የእንጨት ክምር ወይም ቆርቆሮ አጠገብ ያኑሩት። ራሱ ይገባል። መናፈሻ ወይም ጫካ ወስደው አይልቀቁት። የሚያውቀው ጉድጓድ፣ የክረምት ማደሪያው፣ የሚፈልጋት ሴት ያለችው እዚሁ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ነው፤ ባዕድ ቦታ የተጣለ ስሎው ወርም የመትረፍ ዕድሉ አነስተኛ ነው። በሜይ ወር ሁለት ተጠማዘው፣ አንዱ የሌላውን አንገት ነክሶ ካዩም አይለያዩዋቸው፤ ጠብ አይደለም፣ እየተዳሩ ነው፣ ለሰዓታት ይቆያሉ።

ታዲያ ብስባሹን እንዴት ልጠቀም ካሉ ጥሩው መፍትሔ ሁለት ክምር ነው፤ አንዱን ይሠሩበት፣ ሌላውን ይተዉት። የሚሠሩበትን በየሳምንቱ ካገላበጡት ሙቀቱም ንዝረቱም ስለሚያስቸግራቸው እምብዛም አይሰፍሩበትም። ለዓመት ሳይነካ ቆይቶ በአንድ ቅዳሜ የሚገለበጥ ክምር ነው ብዙ የሚገድለው። የቆየውን ክምር ለማውጣት ጥሩው ጊዜ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ፣ ፀሐያማና ሞቅ ባለ ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ከእንቅልፋቸው ነቅተዋል፣ ሸሽተው ለማምለጥም ጉልበት አላቸው። ካለፈዎ ሴፕቴምበር መጨረሻን ይጠብቁ፣ ብርዱ ሳይገባ። ከጁን መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ነፍሰ ጡሮች፣ ግልገሎችና የግራስ ስኔክ እንቁላል ሊኖሩበት ይችላሉ። ከኦክቶበር እስከ ማርች ደግሞ በብርዱ ደንዝዘው ተኝተዋል፤ አንዳንዴ ብዙ ሆነው ተጠማዘው ነው የሚተኙት፣ በዚያ ወቅት የተቆፈረ እንስሳ ራሱን ማዳን አይችልም።

አወጣጡም ይለያል። ከላይ መንሽ አይስኩ። የላይኛውን ሽፋን በጓንት ያንሡ፤ ከዚያ ከጎን በኩል በጠፍጣፋ አካፋ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር እየሸረፉ ሸራ ላይ ያንጠፍጡ። ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ይተዉት፣ የተደበቀው ሾልኮ ይወጣል፤ ከዚያ ጋሪ ላይ ይጫኑ። ነጭ፣ ቆዳማ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ እንቁላሎች ቢያገኙ የግራስ ስኔክ ናቸው። ሳይገለብጧቸው ያልብሷቸውና ክምሩን እስከ መኸር ይተዉት።

ከመንሹ ይልቅ ብዙ የሚገድለው ግን በገመድ የሚያጭደው ስትሪመር ነው። ስሎው ወርም አደጋ ሲሰማው ዝም ብሎ መተኛት ልማዱ ነው፤ ሣሩ ውስጥ አይታይም፣ ገመዱም በመሬት ልክ ያልፋል። በብርዳማ ጠዋት ደግሞ መሸሽም አይችልም። ስለዚህ ረጅም ሣር የግድ መታጨድ ካለበት ሞቃት ቀን፣ ከሰዓት በፊት ረፈድ ሲል ይጀምሩ። አስቀድመው በሣር መቧጠጫ ወይም በዱላ ሣሩን ቀስ ብለው ያነቃንቁት። በመጀመሪያው ዙር 15 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ይጨዱ፣ የታጨደውን ያንሡ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይተዉትና ከዚያ ዝቅ ያድርጉት። አቅጣጫው ከክፍቱ ተነሥቶ ወደ አጥሩ ወይም ወደ ቁጥቋጦው ይሁን፤ ከአራቱም ማዕዘን ወደ መሀል ካጨዱ መሀል ያሉትን ያጥራሉ። አጭር ሆኖ እንዲቆይ የሚፈልጉትን ሣር በጋውን ሙሉ ሳያቋርጡ አጭር ያድርጉት፤ ለመኖር አይመጡበትም። ረጅሙን ሣር ለመቀነስ ጥሩው ወቅት ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው፣ መሬት ውስጥ ስላሉ፤ ያኔ ግን ሥር መንቀልና መቆፈር የለም። ከአጥሩ ሥር ግማሽ ሜትር ያህል ሣር ሳይታጨድ ቢቀር ለእነሱ መንገድ ነው።

የተከመረ እንጨት ወይም ቅጠል ካቃጠሉ፣ በዚያው ዕለት ወደ ሌላ ቦታ አዛውረው ብቻ ይለኩሱ። የአተር መረብ መሬት ላይ ተዝረክርኮ እንዳያድር፤ በተለይ ግራስ ስኔክ ይጠላለፍበትና ይሞታል። የስላግ መርዝ ቢተዉት እመርጣለሁ። ሜታልዲሃይድ የሚባለው በብሪታንያ ከቤት ውጭ መጠቀም ከ2022 ጸደይ ጀምሮ ተከልክሏል፤ አሮጌ እሽግ ጓዳ ውስጥ ካለ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ይውሰዱት። በፈንታው የሚሸጠው የብረት ፎስፌት እንክብል ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ያም ሆኖ የእንስሳውን ቀለብ ያጠፋል።

ድመት ካለ ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ድመትና ዶሮ ከሰው ጓሮ ስሎው ወርምን የማጥፋት አቅም አላቸው። የሚጠቅመው መደበቂያ ማብዛት ነው። ድመት ነክሳው በሕይወት ያለውን አየር በገባለት ካርቶን ውስጥ፣ እርጥብ ጨርቅ አድርገው፣ የዱር እንስሳ ለሚያክም ሐኪም ያድርሱት፤ የድመት ጥርስ የሚተወው ቁስል ጥቃቅን ቢመስልም ያመረቅዛል።

መደበቂያው ደግሞ እኛ ከማንም በላይ የምናውቀው ነገር ነው፦ ቆርቆሮ። ለዚህ እንስሳ ባለሙያዎች የሚዘረጉት ይኸው የጣራ ቆርቆሮ ወይም ሬንጅ የነካው የጣራ ልባስ ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ይበቃል፣ አንድ ሜትር በግማሽ ሜትር ከሆነ ይሻላል። የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝ፣ ሣሩ ጉብ ጉብ ባለበት ዳር ላይ ያንጥፉት፤ ሣሩን አይጨፍልቁት፣ ከሥሩ ክፍተት ይኑር። ሹል ጠርዙን በቴፕ ይሸፍኑት፣ ልጆች አሉ። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አይንኩት። ከዚያ በኋላ የሚታዩበት ጊዜ የአየሩ ሙቀት ከ9 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን፣ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 5 ሰዓት (በአገሬው አቆጣጠር ከ8፡30 እስከ 11) እና ወደ ማታ ከ10 እስከ 12፡30 ነው። በቀትር ሐሩር ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ስለሚግል ማንም ከሥሩ አይኖርም።

ሲያነሡት ጓንት ያድርጉ፣ ከእርስዎ ወዲያ ያለውን ጠርዝ ወደ እርስዎ ያንሡ፤ ከሥሩ ሌላ ነገር ቢኖር ቆርቆሮው በመካከላችሁ ይሆናል። ሲመልሱት ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እንስሳው ላይ ይጥለዋል። መጀመሪያ እንስሳውን ወደ ጎን ያድርጉት፣ ቆርቆሮውን ያስተኙ፣ እሱ ራሱ ተመልሶ ይገባል። በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ አይክፈቱት።

ቦታ ካለዎ የክረምት ማደሪያም ይሥሩ። ውሃ የማይቋጥር ፀሐያማ ጥግ ላይ 50 ሴንቲሜትር የሚጠልቅ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሰፋ ጉድጓድ ቆፍረው በግንድ፣ በሰባራ ጡብና በድንጋይ ክፍተት እየተዉ ይሙሉት። ከላይ አፈርና የሣር ንጣፍ ያልብሱት፣ በጎኑ ሁለት ሦስት መግቢያ ይተዉለት። ውሃ የሚተኛበት ከሆነ ግን መቃብር ይሆንባቸዋል፤ ያኔ ጉድጓዱን ትተው ከመሬት በላይ ይከምሩት።

ሕጉን በተመለከተ ሽማግሌው ልክ ናቸው። በ1981 የወጣው የዱር እንስሳትና የገጠር አካባቢ ሕግ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ ስሎው ወርምን ሆን ብሎ መግደል፣ ማቁሰልና መሸጥ ይከለክላል፤ እንግሊዝ ውስጥ ቅጣቱ ወሰን የሌለው የገንዘብ መቀጮና እስከ ስድስት ወር እስራት ሊሆን ይችላል። ማየትም ሆነ ከመንሽ ለማዳን በእጅ ማንሣት ወንጀል አይደለም። ጀርመንና ስዊድን ያላችሁ ግን ሕጉ መያዝንም ስለሚከለክል ለደስታ ብላችሁ አታንሡት። ጓሮው ላይ ክፍል ወይም ትልቅ መጋዘን ለመሥራት ያሰበ ሰው መሬቱ ከመቆፈሩ በፊት የእንስሳት ባለሙያ ማማከር አለበት፤ ከቆፋሪ መኪና ኋላ ማማከር ዋጋ የለውም።

ልጆችዎን አያርቁዋቸው፤ ያስተምሩዋቸው። ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይመልከቱ፣ መጀመሪያ ማን ዓይኑን ሲጨፍን እንዳየ ይንገርዎ። የነካ ልጅ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ተሳቢ እንስሳት ሆድ የሚያውክ ሳልሞኔላ ሊኖርባቸው ይችላል። ሲያዝ የሚሸት ኩስ ይለቃል፣ ይህ ያለው ብቸኛ የጦር መሣሪያው ነው።

ለዛሬ ከክምሩ ጎን አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ያንጥፉ። በጁን አጋማሽ አንድ ለብ ያለ ጠዋት ሲያነሡት፣ ነሐስማ ሆና ጅራቷ ጎረድ ያለ፣ ቁስሏ ጠቁሮ የደረቀ ካገኙ፣ ቅዳሜ ያመለጠችዎ እሷ ነች። ሆዷ በጎንና በጎን ሰፋ ብሎ ከታየዎ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ ያንን ክምር እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ አይንኩባት።